ዣን ፒየር ፔርኖ፦ በምሳ ሰዓት የነገሠው ዜና አንባቢ

ፈረንሳይ ውስጥ የቴሌቪዥን ዜና ሲባል ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው የማታው ላይ ነው። ፕሬዝዳንቶች ለሕዝቡ የሚሉት ነገር ሲኖራቸው የሚመርጡት እሱን ሰዓት ነው። ዜናውን የሚያነቡት ሰዎችም ከፊልም ተዋናይ የማይተናነስ ዝና አላቸው፤ ፎቷቸው ከመጽሔት ሽፋን አይጠፋም። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን የማታው ሰው አይደለም። የቀኑ ነው።

ዣን ፒየር ፔርኖ ይባላል። ቴኤፍ 1 በሚባለው ትልቁ የግል ጣቢያ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሰው ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ የሚጀምረውን ዜና ከፌብሩዋሪ 1988 እስከ ዲሴምበር 2020 አቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። 33 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው የወረደው። ሲጀምር ፕሬዝዳንቱ ፍራንሷ ሚተራን ነበሩ። ከዚያ ሺራክ መጡ፣ ሳርኮዚ መጡ፣ ኦላንድ መጡ፣ ሁሉም ሄዱ። እሱ ማክሮን ላይ ደርሶ ነው ያቆመው። አምስት ፕሬዝዳንት፣ አንድ ዜና አንባቢ።

ስለ እሱ ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ፈረንሳዊ ነው የምታገኙት። አንደኛው "የኛ ሰው ነበር" ይላችኋል። ሌላው ገና ስሙ ሲነሳ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ዓለም በእሳት እየነደደ ስለ አይብ የሚያወራ ሰው ነው ለእሱ። እኔ ሁለቱንም እረዳቸዋለሁ። ሰውየው ሙያውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፣ በዚህ አልከራከርም። ማን ዜናው ውስጥ እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚቀር ሲወስን ግን ፖለቲካ እየሠራ ነበር። እሱ ፖለቲካ አይደለም ቢልም።

የተወለደው ኤፕሪል 8 ቀን 1950 በሰሜን ፈረንሳይ፣ አሚየን ከተማ ነው። (ማክሮንም የአሚየን ልጅ ናቸው። እመለስበታለሁ።) ያደገው ግን ከተማው ውስጥ ሳይሆን ኬቮቪሌ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ውስጥ ነው። እናቱ ፋርማሲስት ነበሩ። አካባቢው ፒካርዲ ይባላል፤ ሜዳማ የእርሻ አገር ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የተደበደበ። ፔርኖ እስከ መጨረሻው ፒካርዲነቱን እንደ መታወቂያ ይዞት ዞሯል። ጋዜጠኝነት የተማረው እዚያው ሰሜን፣ ሊል ከተማ በሚገኘው በጣም የታወቀ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ነው።

በዚያን ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የግል ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። ኦ ኤር ቴ ኤፍ የሚባል አንድ ግዙፍ የመንግሥት ድርጅት ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ድርጅቱ በ1974 በሕግ ፈረሰና ከ1975 መጀመሪያ አንስቶ ተከፋፈለ፤ ቴኤፍ 1፣ አንቴን 2 እና ኤፍ ኤር 3 የተወለዱት ያኔ ነው። ፔርኖም አዲሱ ቴኤፍ 1 ውስጥ የገባው በዚያው በ1975 ነው። ገና 25 ዓመቱ። መጀመሪያ የሰጡት የሌሊቱን የመጨረሻ ዜና ነበር፣ ማለትም አብዛኛው ሰው ከተኛ በኋላ የሚተላለፈውን። ከዚያ ለዓመታት የኢኮኖሚ ጋዜጠኛ ሆኖ ሠራ። ይሄ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በኋላ ላይ ዜናው ሁሉ በኪስ ቋንቋ የሚናገረው፣ ነዳጅ ስንት ገባ፣ ጡረታ ስንት ተቀነሰ እያለ የሚጀምረው፣ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የሕይወቱ መታጠፊያ የመጣው ከእሱ ሳይሆን ከመንግሥት ነው። በ1987 መንግሥት ቴኤፍ 1ን ሸጠው። ገዢው ቡዊግ የሚባለው የግንባታ ኩባንያ ነበር፤ ግማሹን ድርሻ በ3 ቢሊዮን ፍራንክ ወሰደ። መንገድና ሕንፃ የሚሠራ ድርጅት የአገሪቱን ትልቁን ጣቢያ ሲገዛ ብዙ ሰው አፉን ይዞ ቀረ። ጣቢያው ከዚያ ወዲያ የሚኖረው ማስታወቂያ ሸጦ ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው ደግሞ ተመልካች ካለ ነው። የቀትሩ ሰዓት ዝም ብሎ የሚሞላ ክፍተት መሆኑ አበቃ። ገበያ ሆነ።

ያን ሰዓት የያዘው ኢቭ ሙሩዚ ነበር፣ ከማሪ ሎር ኦግሪ ጋር። ሙሩዚን ሳያውቁ ፔርኖን መረዳት አይቻልም፤ ምክንያቱም ተቃራኒው ነው። ከ1975 ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ የነበረ፣ ድምቀትና ግርግር የሚወድ፣ የፓሪስ ሌሊት የሚያውቀው ሰው። በ1985 ፕሬዝዳንት ሚተራንን ለቃለ መጠይቅ ሲያቀርባቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነው ያናገራቸው፤ የወጣቶቹን አራዳ ቋንቋ ያውቁ እንደሆነም ጠይቋቸዋል። ፕሬዝዳንት ፊት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ! ዛሬ እንኳ ቪዲዮውን ሳየው ያስቀኛል። ሙሩዚ ዜናውን ወደ ራሱ ያመጣው ነበር፤ እሱ ያለበት ቦታ ሁሉ መድረክ ነው።

አዲሶቹ ባለቤቶች እሱን አነሱትና ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988 ፔርኖን አስቀመጡ። ክራቫቱን አጥብቆ ያሰረ፣ ጸጉሩን ወደ ጎን ያበጠረ፣ ክፍለ ሀገር ያለ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚመስል ሰው።

ስሌቱ ግን ብልህ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በሥራ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሆኖ ቴሌቪዥን የሚያየው ማን ነው? ፓሪስ ቢሮ የሚሠራው ሰው ካፌ ወይም የመሥሪያ ቤት ምግብ አዳራሽ ነው። ቤቱ ያለው ጡረተኛው ነው። ገበሬው ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቁን ለምሳ ቆልፎ ወደ ቤቱ የገባው ባለ ሱቅ ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥታ የምታበላ እናት ናት። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ራሳቸውን አያዩም ነበር። ዜናው የሚሠራው ፓሪስ ነው፣ የሚያወራውም ስለ ፓሪስ ነው፤ ሚኒስትሩ እንዲህ አለ፣ ፓርላማው እንዲያ ወሰነ። ፔርኖ ይህንን ገለበጠው። መጀመሪያ መንደሩ፣ ከዚያ ፓሪስ፣ ሰዓት ከተረፈ ደግሞ ዓለም።

ይህን በቃል ማለት ቀላል ነው፣ ችግሩ ማን ይዘግበዋል የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ታሪክ ከፓሪስ ቡድን መላክ ውድ ነው፤ የሚላከው ጋዜጠኛም አካባቢውን አያውቀውም፣ ባቡር ይዞ ሄዶ ሁለት ሰው አናግሮ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ በየክልሉ የሚኖሩ ዘጋቢዎች መረብ ተዘረጋ። ከሊል እስከ ማርሴይ፣ ከብረታኝ እስከ አልዛስ፣ የራሱ ካሜራ ያለው፣ ከንቲባውን በስም የሚያውቅ፣ የወይን ለቀማው መቼ እንደሚጀመር ሳይነግሩት የሚያውቅ ሰው። እሱን የሚያጣጥሉት ሰዎች ይህንን ነገር ሲዘሉት እናደዳለሁ። ብዙ ጣቢያ ቢሮ እየዘጋ ወደ ዋና ከተማው በሚሰበሰብበት ዘመን የክፍለ ሀገር ዘጋቢ ማቆየት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ክርክርም ይጠይቃል። ፔርኖ የቀትሩ ዜና ዋና አዘጋጅም ስለነበር የሚከራከረው ራሱ ነው። የሚያነበውን ብቻ ሳይሆን የሚመረጠውንም ይወስናል።

ዜናውን አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የአየሩ ነገር። ፈረንሳይ ላይ በረዶ ከጣለ፣ ወይም ሙቀቱ ከበዛ፣ ወይም ወንዝ ሞልቶ ቤት ከገባ፣ የመጀመሪያው ዜና እሱ ነው፣ ሌላው ይቆይ። ቀጥሎ የኑሮ ነገር፦ ነዳጅ፣ ጡረታ፣ የመብራት ዋጋ፣ የባቡር መዘግየት። ከዚያ ፖለቲካው ይመጣል፣ አጠር ብሎ። የውጭ ዜናው እንደ ነገሩ ይጠቀሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ነው የፔርኖ መንግሥት። በተራራው ላይ የቀረ የመጨረሻ ኮርቻ ሠሪ። ጫካ ውስጥ እንጉዳይ የሚለቅም ሰውዬ ቦታውን ለካሜራው አላሳይም ሲል። አንድ ትምህርት ክፍል ብቻ ያላት ትምህርት ቤት ልትዘጋ ነው ብለው ወላጆች ሲሰለፉ። የካንታል አይብ እንዴት እንደሚበስል። ድንጋይ ጠራቢ፣ ደወል ሠሪ፣ ዳንቴል የምትሠራ ሴት። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ቀረጻው ውብ፣ የአካባቢው ሰው በራሱ ቅላፄ የሚናገርበት። ቅላፄው ትልቅ ነገር ነው። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን የፓሪስ አነጋገር ብቻ "ትክክል" ሆኖ የኖረበት ቤት ነው፤ እዚህ ግን የደቡቡም የሰሜኑም አፍ እንዳለ ይገባል።

በሁለት ዘገባ መካከል ደግሞ እሱ አለ። ሌሎቹ ዜና አንባቢዎች ፊታቸውን እንደ ሐውልት ሲያደርጉ ፔርኖ ይተነፍሳል። ቅንድቡን ያነሳል። "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው" ዓይነት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እያንዳንዷ ለብቻዋ ምንም አይደለችም። 30 ዓመት ሙሉ ስትደመር ግን አቋም ትሆናለች፤ ግብር መጥፎ፣ አድማ መጥፎ፣ ፓሪስ ያለው ቢሮክራት ደግሞ አላዋቂ። ተመልካቹ ይህን ይወደው ነበር። እሱ ሊል የፈለገውን ሌላ ሰው ሲልለት።

ከዚሁ ጋር ከ1991 እስከ 2010 "ስንት ነው ዋጋው?" የሚል ትልቅ የምሽት ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ የት እንደሚባክን የሚያሳይ፣ አንዳንዴ የሚያስቅ አንዳንዴ የሚያበግን ፕሮግራም ነው። ማንም የማይጠቀምበት ሕንፃ፣ ወደየትም የማይወስድ መንገድ፣ እንዲህ ያለው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ቴሌቪዥን ነበር። ግን መንግሥት ሁሌ አባካኝ ሆኖ የሚታይበትን መነጽር ለስንት ሚሊዮን ሰው እንዳደለም መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው ነገር ልግባ።

በ1998 ቴሌራማ ለሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውጭ ዜና ተጠየቀ። መልሱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የቀትሩ ዜና የፈረንሳዮች ዜና ነው፣ ቅድሚያም ለፈረንሳይ ይሰጣል አለ። ስለ ቬኔዙዌላ ማወቅ የሚፈልግ የቬኔዙዌላን ጣቢያ ይይ፤ ስለ ሱዳን የሚፈልግ ደግሞ የአፍሪካ ጣቢያዎችን ይይ። በቃ። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ፣ አልዋሽም፤ ሱዳን የሩቅ አገር ስም ብቻ ላልሆነብን ሰዎች ይሄ ቀልድ አይደለም። ቆይቶ ሳስበው ግን ቢያንስ አልሸፋፈነም። ስንት ጣቢያ አለ በልቡ እንዲሁ እያሰበ በአፉ ስለ ዓለም የሚሰብክ። እሱ በሩን የዘጋው በግልጽ ነው፣ መዝጋቱንም ተናግሮ።

ችግሩ በሩ ሁሌ እኩል አለመዘጋቱ ነው። የውጭ ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ሆኖ "ችግር" ሲባል ይገባል። ኖቬምበር 2016 ላይ ቤት ስለሌላቸው ሰዎች የሚያወራ ዘገባ አቅርቦ ሲጨርስ፣ ለእነሱ ቦታ ጠፍቶ ሳለ ለስደተኞች ግን በየቦታው ማዕከል እየተከፈተ ነው የሚል ማገናኛ ጣል አደረገና ወደ ቀጣዩ አለፈ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ብዙ ተመልካች ተቆጥቶ ለብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት አለ። ልብ በሉ፣ ስደተኛውን ማንም አላናገረውም፤ ቤት አልባውን ያናገረው ዘጋቢም እንዲህ አላለም። ሁለቱን ያገናኛቸው ስቱዲዮ ያለው ሰው ነው። ቅንድብ ማንሳት የት ድረስ እንደሚወስድ የሚያሳየው ይሄ ነው።

አድማውም እንደዚሁ። የባቡር ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ የቀትሩ ዜና የሚያሳየው ጣቢያ ላይ ሻንጣዋን ይዛ የቀረችዋን ሴትዮ ነው። እሷ እውነት ናት፣ ተቸግራለች፣ ማንም አይክድም። ሠራተኛው ለምን እንዳቆመ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም ወይ በጨረፍታ ይታለፋል። "እኔ የማሳየው የተራውን ሰው ኑሮ ነው" የሚል ጋዜጠኛ የባቡር ሠራተኛውን ከተራ ሰው ሲቀንሰው፣ መጠየቅ አለበት። የሠራተኛ ማኅበራትም በዚህ ምክንያት አይወዱትም ነበር።

ግን ደግሞ ፓሪስ ያሉት ተቺዎቹ ያላዩትን አይቷል። በ2018 መንግሥት በገጠር መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት ከ90 ወደ 80 ኪሎ ሜትር አወረደው፤ ከጁላይ 1 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ፓሪስ ውስጥ ይሄ ዜና አልነበረም፣ እዚያ ሰው ሜትሮ ነው የሚሳፈረው። የፔርኖ ዜና ግን ወሬውን ከጅምሩ አልለቀቀውም። የነዳጁ ዋጋም እንደዚያው። ኖቬምበር 17 ቀን 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ተቃዋሚዎች በመላ አገሪቱ አደባባዮችን ሲዘጉ ብዙ የፓሪስ ጋዜጠኛ ከየት መጡ ብሎ ግራ ተጋባ። ቀትር ላይ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ግራ አልተጋባም። ለወራት ሲያያቸው ነበራ።

ዜናው ወሬ ብቻም አልነበረም። መንደሮች ላይ ዳቦ ጋጋሪ ጡረታ ወጥቶ ተተኪ ሲጠፋ፣ ወይም ሐኪም ጠፍቶ በሽተኛ 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ የሚፈልገውን መንደርና የሚመጣውን ሰው የሚያገናኝ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። የደረሰኝ ምላሽ ይሄ ነው ብሎ ቤተሰብ መኪና ላይ ዕቃ ጭኖ አዲሷ መንደር ሲገባ ያሳያል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ተመልካቹ የአገሪቱን ምርጥ የገበያ ቦታ የሚመርጥበት ውድድር አለ። በመጀመሪያው ዓመት በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለችው ሳናሪ ሱር ሜር አሸነፈች፣ በ2019 ሞንብሪዞን። ውድድር ቢሉት ጨዋታ ይመስላል እንጂ ያሸነፈች ከተማ ከንቲባ ፊት ላይ ያለውን ደስታ ብታዩት ዋንጫ ያነሳ ካፒቴን ነው የሚመስለው።

ስለ ግል ሕይወቱ ብዙ አልልም፣ መጽሔቶቹ በቂ ብለዋል። ባለቤቱ ናታሊ ማርኬ የ1987 ሚስ ፍራንስ ነበረች። መኪና ውድድር ይወድ ነበር፣ መውደድ ብቻ ሳይሆን በረዶ ላይ በሚደረገው የአንድሮስ ዋንጫ ራሱ ይነዳ ነበር። ያ ክራቫት ያሰረ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚመስል ሰው፣ በረዶ ላይ መኪና እያንሸራተተ! በ2018 የፕሮስቴት ካንሰር ያዘውና ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ነገሩን ለተመልካቹ በግልጽ ነገረ፣ ወንዶች ተመርመሩ ብሎ።

ኮሮና ሲመጣ በዕድሜውም በጤናውም የተነሳ ስቱዲዮ መግባት አልቻለም። ማርች 2020 ላይ ከቤቱ፣ ከፓሪስ ወጣ ብላ ካለችው ሉቭሲየን፣ በካሜራ እየተገናኘ የራሱን ክፍል ያቀርብ ጀመር። ስቱዲዮውን የያዘው እሱ በማይኖርበት ጊዜ ለዓመታት ሲተካው የኖረው ዣክ ሌግሮ ነው። እቤቱ ሆኖ ደግሞ ምላሱ ተፈታ። መንግሥት ጭምብል ለሁሉም ሰው አያስፈልግም ብሎ ቆይቶ በኋላ ግዴታ ሲያደርገው፣ አንዱ ሱቅ ክፍት ሌላው ዝግ ሲሆን፣ ፔርኖ "ይሄ ነገር የገባው ሰው አለ?" ብሎ ያሽሟጥጥ ነበር። በዚያ ወቅት ያለ ምንም ማጋነን ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። ጥሩ ሐኪም ባይሆንም ጥሩ ጎረቤት ነበር።

ሴፕቴምበር 2020 ላይ ወንበሩን እንደሚለቅ አስታወቀ። ዲሴምበር 18 የመጨረሻውን ዜና አቀረበ፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በምሳ ሰዓት፣ በሥራ ቀን። የማታው ዜና እንኳ በብዙ ቀን የሚመኘው ቁጥር ነው። ሲሰናበት ሲቃ ተናንቆት ነበር፣ ባልደረቦቹም ስቱዲዮ ውስጥ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ከዚያም ቤቱ አልተቀመጠም፤ ስለ ክልሎቹ ብቻ የሚያወራ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ከፈተ፣ ኤልሴኢ በሚባለው የዜና ጣቢያ ላይም ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበረው።

የተካችው ማሪ ሶፊ ላካሮ ናት፣ ጃንዋሪ 2021። ከየት አመጧት? ከተፎካካሪው ከፍራንስ 2፣ ያውም በዚያው ሰዓት ዜና ስታቀርብ የነበረችዋን። እሷም የክፍለ ሀገር ልጅ ናት፣ የአቬይሮን፣ ሙያውን በክልል ጣቢያ የተማረች። ጣቢያው ፊት ነው የቀየረው እንጂ ቀመሩን አልነካም። የገበያው ውድድርም ቀጥሏል።

ዲሴምበር 2021 ላይ ፔርኖ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ተናገረ። አጫሽ እንደነበረም አልደበቀም። ማርች 2 ቀን 2022 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፣ በ71 ዓመቱ። ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ከገባች ገና ሳምንት አልሞላም ነበር፤ ጣቢያዎቹ ሁሉ ሌት ተቀን ጦርነት ነበር የሚያሳዩት። ያን ቀን ግን ከኪየቭ ወደ ፔርኖ ዞሩ። ዓለም ሁሉ ስለ አንድ የውጭ ዜና በሚያወራበት ሳምንት የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ቆሞ የምሳ ሰዓት ዜና አንባቢን አለቀሰ። በማግስቱ ቀትር ላይ ወንበሩ ላይ የነበረው ያው ዣክ ሌግሮ ነው፤ ላካሮ በዓይን ሕመም ምክንያት እረፍት ላይ ነበረች። ቀብሩ ማርች 9 በሳንት ክሎቲልድ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ፣ ደጅ ድረስ ሰው ሞልቶት።

አንድ ቀን ሳልነካ ያለፍኳት አለች፣ ሆን ብዬ ነው ያቆየኋት። ኤፕሪል 12 ቀን 2018።

ማክሮን ችግር ላይ ነበሩ። የባቡር ሠራተኞች አድማ ላይ፣ ጡረተኞች በግብሩ የተነሳ ተናደዋል፣ ገጠሩ በፍጥነት ወሰኑ ያጉረመርማል። "የሀብታሞች ፕሬዝዳንት" የሚለው ስም ተለጥፎባቸዋል። አማካሪዎቻቸው የማታውን ዜና አልመረጡም። ፔርኖን መረጡ። እሱ ደግሞ ቤተ መንግሥት አልሄደም፤ ፕሬዝዳንቱ ወደ ገጠር ይምጡ። ቦታው ኖርማንዲ ውስጥ ኦርን በሚባለው አውራጃ ያለች ቤርዱዊ የምትባል መንደር ናት። የመንደሯ ትምህርት ቤት፣ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላቸው የልጆች ሥዕል ተለጥፎ። ሁለቱ የአሚየን ልጆች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ማክሮን ለጋዜጠኞቹ ለኤድዊ ፕሌኔልና ለዣን ዣክ ቡርዳን ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ፣ እነዚያ "ክቡር ፕሬዝዳንት" የሚለውን ትተው በስማቸው ብቻ እየጠሩ አፋጠዋቸዋል፤ ብዙ የፓሪስ ጋዜጠኛም ቃለ መጠይቅ ማለት ያ ነው ብሏል። ፔርኖ ግን በጨዋ ደንብ ጠየቀ። ጡረታው ለምን ተነካ፣ 80 ኪሎ ሜትሩ ለምን፣ የገጠር ትምህርት ክፍሎች ለምን ይዘጋሉ። ተመልካቹ የሚጠይቀውን በተመልካቹ ቋንቋ። ለስላሳ ነበር? አዎ ለስላሳ ነበር። ጥያቄዎቹ ግን የሚያመልጡ አልነበሩም።

እዚያው፣ በዚያች ክፍል ውስጥ፣ ስለ ሶሪያ ተነሳ። ዱማ በምትባለው የሶሪያ ከተማ ላይ ኬሚካል ጦር መሣሪያ ተጥሏል ከተባለ ገና ቀናት ነበር ያለፉት። ማክሮን መሣሪያው ጥቅም ላይ እንደዋለ፣ ያደረገውም የአሳድ መንግሥት እንደሆነ ማስረጃ አለን አሉ። የዓለም ዜና ድርጅቶች በሙሉ ያን ንግግር ተቀባበሉት። የቬኔዙዌላ ሰው የቬኔዙዌላን ጣቢያ ይይ ያለው ሰውዬ፣ የዓመቱን ትልቅ የውጭ ዜና ከአንዲት የኖርማንዲ መንደር ትምህርት ቤት አስተላለፈው። ማክሮን ያን ዓረፍተ ነገር የትም ሊሉት ይችሉ ነበር። ያሉት ግን ጡረተኛው፣ ገበሬውና ምሳ የምታበላዋ እናት በሚያዩት ሰዓት ነው፤ ከሁለት ሌሊት በኋላ ሶሪያን ለመደብደብ አውሮፕላን የሚልኩት በእነሱ ግብር፣ በእነሱ ልጆች ነውና ሊሰሙት የሚገባቸው እነሱ ናቸው። ፔርኖ ይህን ገበያ ስለ አይብም ስለ ሶሪያም ሊያሳምነው ይችል ነበር፤ ሰውየው የሚያምኑት ሚሊዮኖች ነበሩት። እኔ የምከሰው በዚህ ነው። አይብ በማሳየቱ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ እምነት ይዞ ስለ ሱዳን ሁለት ደቂቃ በመንፈጉ።